ጅሬን ያለውን የአኮን የእንጨት ቤት ላፍርሰው ወይስ ልጠግነው?

የጅሬን ልጅ (ሰኞ ማታ)

ሰላም ለሁላችሁም። ጉዳዩ የቤተሰብ ነው፤ ብቻዬን ግን ልወስነው አልቻልኩም።

አያቴ (እኛ አኮ ነው የምንላት) የምትኖረው ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ቤቱን የሠራው ሟቹ ባለቤቷ ነው፣ ከአብዮቱ በፊት። ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ፊት ለፊቱ ሰፊ በረንዳ አለው። የበረንዳው ስድስት ቋሚዎች ዋንዛ ናቸው። አናታቸው ላይ ቅጠል የሚመስል ጌጥ ተጠርቦባቸዋል። ልጅ ሆኜ ክረምት ክረምት እዚያ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከታች ጅማ በጉም ስትሸፈንና ስትገለጥ እያየሁ ነው ያደግኩት።

አሁን ሁለቱ ቋሚዎች ከሥር በስብሰዋል፤ ምስጥም ገብቶባቸዋል። የኋላው ግድግዳ ባለፈው ክረምት ወደ ውስጥ ተነፋ። አጎቶቼ «አፍርሰን በብሎኬት አራት ክፍል እንሥራ፤ ሁለቱን አከራይተን አኮ ትጦርበታለች» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፣ ከልባቸው ነው። አኮ ግን «መጀመሪያ እኔን ቅበሩኝ፣ ከዚያ አፍርሱት» አለች። ያን ቀን ሦስተኛው ቡና ሳይደርስ ሁላችንም ተነሳን።

ፈቃድ ልጠይቅም ሞክሬ ነበር። አንዱ ቢሮ «ለጥገና ፈቃድ አያስፈልግም» አለኝ። ሌላው «ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለሆነ መንካት አትችልም» አለኝ። ሦስተኛው «ካርታው በሟች ስም ነው፣ መጀመሪያ እሱን አስተካክል» ብሎ መለሰኝ። ሦስት ሳምንት በዚህ አለቀ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ሂርማታ መርካቶ

ወንድሜ፣ አፍርሰው። ጨክኜ አይደለም። የእናቴ ጭቃ ቤት ግድግዳ የወደቀው ሌሊት፣ እሷ ተኝታ እያለች ነው። አልጋዋ በሌላው በኩል ስለነበር ተረፈች፣ አልሐምዱሊላህ። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፤ በልግና ክረምቱ ተያይዘው ነው የሚያልፉት። የተነፋ ግድግዳ ቀን ነው የሚጠብቀው። ቤቱን ስታዝኑለት ሴትዮዋን እንዳታጡ።

ጡረተኛ አናጺ

ልጄ፣ ከመወሰንህ በፊት ቢላዋ ያዝና ሂድ። ቋሚውን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብለህ ውጋው። እስከ እጀታው ከገባ እዚያ ጋ እንጨት የለም ማለት ነው። ከዚያ በየስንዝሩ ወደ ላይ እየወጋህ ቁጠር። ቀጥለህ በመዶሻ ጀርባ መታ መታ አድርገው፤ ደህናው እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጥሃል፣ የሞተው እንደ ዱባ ይደነቁራል። አርባ ዓመት እንጨት ስሠራ ያየሁት፣ መሬት የተተከለ ቋሚ የሚበሰብሰው አፈሩና አየሩ በሚገናኙበት በዚያች አንድ ክንድ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ዋንዛ ብዙ ጊዜ እንደ ተተከለበት ቀን ነው። ሰው ግን እግሩን አይቶ ሙሉውን ይቆርጠዋል።

ግድግዳው የተነፋው ጭቃ ስለሆነ አይመስለኝም። ጅሬን ዳገት ነው። ከላይ ያለው አፈር በየክረምቱ እየወረደ ከግድግዳው ጀርባ ይከመራል። አፈሩ ውኃ ይይዛል፣ ማገሩ ይርሳል፣ ከዚያ ክብደቱ ይገፋዋል። ከኋላ ሄደህ መሬቱ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ እንደሆነ እየው።

አንድ ነገር ደግሞ ንገረኝ፦ አኮ አሁን እሳት የምታነደው የት ነው?

የጅሬን ልጅ (ረቡዕ)

ጋሼ፣ እንዳሉኝ ሄድኩ። ቢላዋው በሁለቱ ቋሚዎች ላይ እስከ አንድ ክንድ ድረስ እንደ ቅቤ ገባ። ከዚያ በላይ ግን ጫፉ እንኳን አልገባ አለ፣ እጄን አመመኝ። አራቱ ደህና ናቸው። ከኋላ አፈሩ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ድሮ እዚያ ቦይ እንደነበረ አኮ አስታወሰችኝ፤ እኛ ልጆቹ ትተናት ስንሄድ የሚጠርገው ጠፋ።

እሳቱ... የኤሌክትሪክ ምጣድ ካስገባንላት አምስት ዓመት ሆኗታል። ምድጃውንም እንዳትቃጠል ብለን ውጭ አወጣነው። ለምን ጠየቁኝ?

ጡረተኛ አናጺ

ምስጡና ነቀዙ የገቡት ከዚያ ወዲህ ነው ብትለኝ አልገረምም። የድሮ ቤት ጣራው ውስጥ ጥላሸት የሚጠቁረው ያለ ነገር አይደለም። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ ወራጁን፣ ማገሩን፣ የቋሚውን አናት ዓመቱን ሙሉ ያጥነዋል። ነቀዝ ጭስ የጠጣ እንጨት አይወድም፤ እርጥበቱም ይደርቃል። ጭሱ ለአኮ ዓይንና ሳንባ ጥሩ እንዳልነበረ አውቃለሁ፤ ምጣዱን ማስገባታችሁ ትክክል ነው። እሳቱ ሲወጣ ግን የቤቱ መድኃኒት አብሮ ወጣ፣ በምትኩ ማንም ምንም አላደረገለትም። አሁን ሥራው ያንን መተካት ነው፦ ቦዩን መክፈት፣ ቋሚውን ከአፈር ማላቀቅ፣ ጣራውን ማናፈስ።

አሠራሩን ልንገርህ። መጀመሪያ የበረንዳውን ጣራ በባሕር ዛፍ ድጋፍ አድርገህ ከቋሚው ላይ ክብደቱን አንሳ። የሞተውን አንድ ክንድ ቁረጥ። በምትኩ ጥርብ ድንጋይ አቁም፤ ከድንጋዩ በላይ አጭር ደህና እንጨት አስገባና ከአሮጌው ጋር በጥርስ አጋጥመህ በእንጨት ችንካር እሰረው። እንደገና አፈር ውስጥ እንዳትተክለው። መተከል ያለበት ሌላ እንጨት ካለም ጫፉን እሳት ላይ አክስለህ የተቃጠለ ዘይት ቀባው። ጌጡን አትንካው። ያ ቅጠል ላይ ያለው የእጅ ምልክት ነው፤ ዛሬ ጅማ ላይ እንዲህ የሚጠርብ ስንት እጅ እንደቀረ እኔ አውቃለሁ። በርጩማ የሚሠሩት አሉ፣ ከአንድ ግንድ ሦስት እግር አውጥተው፤ ቤት የሚያውቁት ግን እያለቁ ነው።

ዋንዛ ብለህ ደግሞ ጫካ እንዳትገባ። ዋንዛ፣ ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቷል። ከቡና ማሳ ላይ በንፋስ የወደቀ የጥላ ዋንዛ ያለው ገበሬ ፈልግ።

ሕግ የማጠና

ጠበቃ አይደለሁም፤ አራተኛ ዓመት ነኝ። ግን ሦስቱ ቢሮዎች የነገሩህ ሦስት የተለያየ ጉዳይ ስለሆነ ለየብቻው ተመልከተው።

ካርታውን በሚመለከት፦ የሟች ስም ላይ ያለ ቤት ወራሾች የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጥተው ነው ስሙ የሚዛወረው። ቦታው ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አስተውል። በሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) መሠረት በውርስ የተላለፈ ነባር ይዞታ ወደ ሊዝ አይገባም፤ በሽያጭ ወይም በስጦታ ከተላለፈ ግን ይገባል። ስለዚህ አጎቶችህ «እርስ በርስ እንሸጥ» ካሉ ይህን አስታውሳቸው።

አሁን ደግሞ ዋናው። በቤተሰብ ሕጉ ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ ያፈሩት ሀብት የጋራ ነው። ቤቱ ከጋብቻ በኋላ ከተሠራ ግማሹ ድሮም የአኮ ነው፤ የሚወረሰው ሌላው ግማሽ ብቻ ነው። ጉዳዩ በሸሪዓ ፍርድ ቤት የሚታየው ሁሉም ወገን ተስማምቶ ሲቀርብ ነው፤ አንዱ እምቢ ካለ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። አጎቶችህ አያታችሁን ሳያስፈቅዱ ማፍረስ አይችሉም። ይህን በክርክር ሳይሆን በቡና ላይ ንገራቸው።

ቅርሱን በተመለከተ፦ የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ (ቁጥር 209) የሚለው፣ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበን ነገር ለመጠገን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጥብቅ ተብሎ በታወጀ ክልል ውስጥም ያለ ፈቃድ ግንባታ አይደረግም። ስለዚህ «ቅርብ ስለሆነ መንካት አትችልም» የሚለው የቃል መልስ አይበቃህም። ሁለት ጥያቄ በጽሑፍ አስገባ፦ ቤታችን ተመዝግቧል ወይ? ቦታችን በታወጀ ክልል ውስጥ ነው ወይ? የገባበትን ቁጥርና ቀን ተቀበል፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቅ።

የጅሬን ልጅ

ግማሹ የእሷ እንደሆነ ለአኮ ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ «ሙሉውን ነበር የማውቀው» አለችኝ። ጭቃውን ያቦካችው እሷ ናት እኮ።

መምህር በጡረታ

ውይይቱን ከመጀመሪያው እየተከታተልኩ ነው። እኔ ደግሞ ያ ቤት የቆመበትን ሰፈር በተመለከተ ትንሽ ልጨምር፣ ምክንያቱም ማን ይወስን የሚለው ጥያቄ ጅሬን ላይ አዲስ አይደለም።

ጅሬን የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ነበረች። ዛሬ ከተማ የምንለው ሂርማታ ገበያው ነበር፤ ሐሙስ ሐሙስ ከየአቅጣጫው ሰው የሚወርድበት። ሥልጣን ላይ፣ ንግድ ታች። ዳግማዊ አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ሲገዙ፣ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር ሳይዋጉ ግብር ከፍለው የውስጥ አስተዳደራቸውን አስጠበቁ። በዚህ እናታቸው ጉሚቲ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ሽማግሌዎች ሁሌም ያነሳሉ። ጎረቤት ከፋ በጦርነት ተወግታ እ.ኤ.አ. በ1897 ስትወድቅ ጅማ እንዳለች ቀረች። ቤተ መንግሥቱ (መሰራ ነው የሚባለው) ያ የእንጨት ፎቅ፣ ሰፊ በረንዳው፣ ደረጃው ዛሬም ጉብታው ላይ የቆመው በዚያ ውሳኔ ምክንያት ጭምር ነው።

አስተዳደሩ ደግሞ እንዲህ ነበር። አገሩ በስድሳ ቆሮ ተከፍሎ እያንዳንዱን አንድ አባ ቆሮ ይገዛዋል። ከሱ ሥር መንደር መንደሩን የሚይዘው አባ ጋንዳ ነው። አጥር ሲያረጅ፣ መንገድ ሲበላሽ፣ የመሰራው ጣራ ሲያፈስ ሰው የሚጠራው አባ ጋንዳው ነው። ድንበሩ ላይ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት፣ ሞጋ፣ ነበር፤ መግቢያው ላይ ደግሞ ኬላ። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ ሲመጣ ስሙ ተቀየረ እንጂ ጋንዳ የሚለው ቃል ከአፋችን አልወጣም፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ዛሬም ቀበሌውን ጋንዳ ይለዋል። ድሮ አባ ጋንዳው ቤትህን ያውቀዋል፣ በሩ ላይ ሄደህ ትጮኽበታለህ። ዛሬ ሦስት ቢሮ ሄደህ ሦስት መልስ ይዘህ የተመለስከው ቤቱን ያየ ሰው ስላልነበረ ነው። አንዱን ኃላፊ ወደ በረንዳው ይዘህ ውጣ። ቡና ይጠጣ፣ ቋሚውን ይዳስስ። ከዚያ ይፈርም።

ቦሳ ቂጦ

መምህር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልጨምር። ስለ ጅሬን ስንናገር ሁሌም ንጉሡን፣ በረንዳውን፣ ጉሚቲን እናነሳለን። ያን ግንድ ዳገቱን ይዞ የወጣው ማን ነው? የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ቡናና ዝባድ ብቻ አልነበረም የሚሸጥበት። ሰው ይሸጥበት ነበር።

የእናቴ ቅድመ አያት ከጎጀብ ወንዝ ማዶ ተይዛ የመጣች ናት። ጅማ ላይ ቀረች፣ ወለደች፣ ስሟ ተቀየረ። እናቴ ይህን የነገረችኝ ሀያ ዓመት ሲሞላኝ ነው፣ በሩን ዘግታ። እስከ ዛሬ ለጋብቻ ሲጠያየቁ «ከማን ወገን ናት?» የሚለው ጥያቄ ከየት እንደመጣ ጅማ ያደገ ሁሉ ያውቃል።

ቤቱን አፍርሱት እያልኩ አይደለም፤ እንዲቆም ነው የምፈልገው። ግን ለልጆች ስታሳዩ የኛንም ጨምሩ።

መምህር በጡረታ

ልጄ፣ ትክክል ነሽ። ለሠላሳ ዓመት ክፍል ውስጥ የሰዎቹን ንግድ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ፤ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር በኮማ ለይቼ። ከጅማ የተነሳ ቅፍለት በጎጃም አድርጎ እስከ ምፅዋ፣ በሸዋ አድርጎ እስከ ታጁራና ዘይላ ሲወርድ ከጭነቱ ኋላ የሚሄዱት እግሮች የነማን እንደነበሩ ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ይህን በጽሑፍ ማመን ነበረብኝ።

የጅሬን ልጅ

ያንቺን ጽሑፍ ለአኮ አነበብኩላት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ ከቤታችን በስተግራ ያለውን ባዶ ቦታ አሳየችኝ፤ እሷ ሙሽራ ሆና ስትመጣ አንዲት አሮጊት ጎጆ ቀልሳ ትኖርበት ነበር። የመሰራው ሰዎች በልጅነቷ ያመጧት። አኮ ቄሪቦ መጥመቅ የተማረችው ከእሷ ነው። ስሟን ነገረችኝ፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ቤተሰቧ ይኖር ይሆናል። የምትፈልጊ ከሆነ ነይና ራሷ ትንገርሽ፤ «ልጅቷን አምጣት» ብላኛለች።

ቦሳ ቂጦ

እመጣለሁ።

ምፅዋ ያደግኩ

ጅማ ከመጣሁ ብዙ ዘመኔ ነው። ልጅነቴ ግን ባሕር ዳር ነው፤ ምፅዋ፣ ከዛጎል ድንጋይ የተሠራ ቤት ውስጥ። መስኮቱ ላይ ከእንጨት የተፈለፈለ ወንፊት የመሰለ ጌጥ ነበረው፤ ነፋሱን እያስገባ ፀሐዩን የሚመልስ። በ1982 ዓ.ም. ጦርነት ሰፈራችን ተመታ። የሚያሳዝነኝ መፍረሱ ብቻ አይደለም። ማንም ለክቶት፣ ማንም ሥሎት አያውቅም ነበር። ዛሬ ወንድሞቼ እንዴት እንደነበረ ሲከራከሩ ሁለቱም የተለያየ መስኮት ነው የሚያስታውሱት።

ስለዚህ አንዱን ችንካር ከመንቀልህ በፊት ለካው። የቋሚውን ቁመት፣ የቅጠሉን ስፋት፣ በአንዱና በሌላው መካከል ስንት ክንድ እንዳለ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከሥር ፎቶ አንሳ። ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ለሁለት ሰው ስጥ።

ሂርማታ መርካቶ

ከላይ አፍርሰው ያልኩት እኔ ነኝ። የጋሼን ነገር ካነበብኩ በኋላ ቋሚዎቹን በተመለከተ ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ግድግዳውን በተመለከተ ግን አልቀየርኩም። ቦዩ እስኪከፈትና ግድግዳው እስኪስተካከል አኮ በኋላው ክፍል አትደር። ዛሬ ማታ አልጋዋን ወደ ፊት ክፍል አምጡት። ነገ አትበል።

የጅሬን ልጅ

አምጥተነዋል። እያጉረመረመች ነው ግን ተኝታለች።

የእድር ጸሐፊ

የጎረቤት እድር ጸሐፊ ነኝ፤ አኮን አውቃታለሁ፣ የአባቴ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ያደረች ሰው ናት። እሁድ በስብሰባ መጨረሻ አነሳሁት። እድሩ ለቀብር እንጂ ለቤት ጥገና ገንዘብ አያወጣም፤ መተዳደሪያ ደንባችን ነው፣ አልጣስም አልኩ። ሰው ግን ደቦ ይወጣል። አሥራ አራት ሰው እጁን አነሳ።

ጊዜውን በሚመለከት፦ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ አታስቡት። ቡና ለቀማ ነው፤ አንድም ወጣት በቀን ሥራ አታገኙም፣ ካገኛችሁም በውድ ነው። ቦዩን ግን አሁኑኑ መጥረግ ይቻላል፤ ለእሱ ስድስት ሰው ይበቃል። ግድግዳውና ቋሚው ጥር ላይ ይሁን። መሬቱ ይደርቃል፣ ሰውም የቡና ገንዘብ ኪሱ ውስጥ ስላለ ይረጋጋል። የጤፍ ጭድ እኔ አመጣለሁ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ቢያንስ አንድ ሳምንት መቡካት አለበት፤ በችኮላ የተመረገ ግድግዳ ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

የጅሬን ልጅ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)

ያለውን ላሳውቃችሁ። ደብዳቤዎቹን በጽሑፍ አስገባሁ። አንዱ ቢሮ ባለሙያ ላከ፤ ወጣት ልጅ ነው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣ፣ ቋሚዎቹን ራሱ ለካ። ቤቱ አልተመዘገበም። የቋሚዎቹን መልክ ሳንቀይር እንድንጠግን የሚል ወረቀት በሳምንቱ ደረሰን። የወራሽነቱን ማስረጃ ጀምረናል።

አጎቶቼ ወደ ብሎኬቱ አልተመለሱም ማለት አልችልም። ትልቁ አሁንም ተቀይሞኛል። ትንሹ ግን ቅዳሜ አካፋ ይዞ መጣ። ቦዩን ስንከፍት ከአፈሩ ሥር አያታችን የደረደረው የድንጋይ ንጣፍ ወጣ፤ ቦዩ ድሮም በድንጋይ የተነጠፈ ነበር፣ ማንም አያውቅም። አጎቴ ቁጭ ብሎ ድንጋዮቹን በእጁ ጠረገ። ያን ጊዜ ምንም አላልኩትም።

ቦሳ ቂጦ መጥታ ነበር። ከአኮ ጋር ከሰዓት እስከ መግሪብ አወሩ። ምን እንዳወሩ የእነሱ ነው።

ጋሼ፣ ሊሙ አካባቢ በንፋስ የወደቀ ዋንዛ ያለው ገበሬ አገኘሁ። ግንዱ ለሁለቱ ቋሚ የሚበቃ ይመስለኛል፣ ግን ገና እርጥብ ነው። እስከ ጥር ይደርቃል?

ጡረተኛ አናጺ

ሙሉ ግንድ ሆኖ አይደርቅም። አሁኑኑ በሚያስፈልግህ ርዝመት ላይ አንድ ስንዝር ጨምረህ አስቆርጠው፣ ቅርፊቱን ግፈፈው። የሁለቱን ጫፍ ጭቃ ወይም ሰም ቀባ፣ አለበለዚያ ከጫፉ ይሰነጠቃል። ከመሬት ከፍ አድርገህ በጥላ፣ ነፋስ በሚያገኝበት አስቀምጠው፤ ፀሐይ ላይ እንዳታደርገው። እስከ ጥር ሙሉ በሙሉ ባይደርቅም ከድንጋይ በላይ ለሚገባ አጭር ቁራጭ ይበቃናል።

መሮዎቼን አስልቼ እመጣለሁ። ጉልበቴ ዳገቱን አይወጣምና ባጃጅ ላክልኝ። ደግሞ እጁ የማይንቀጠቀጥ ልጅ ከሰፈሩ ሁለት አዘጋጅ፤ ችንካሩን እኔ አሳያቸዋለሁ፣ የሚመቱት እነሱ ናቸው።